እንጀራ ለቀነሰ ሰው ስንት ፕሮቲን ይበቃዋል?

በቋንቋችን እንጀራ ምግብ ብቻ አይደለም። ሥራም እንጀራ ነው፤ ሰውን ከአገሩ የሚያስወጣውም እንጀራ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ቀድሞ አንድ ሰው «እንጀራ ተውሁ» ቢለን ከሥራው የተባረረ መስሎን እናዝንለት ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ እንዲህ የሚለን ሰው ሆዱን ለመቀነስ የቈረጠ ነው። እንጀራውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውንና ዳቦውን ትቶ ካርቦሃይድሬት ያነሰበትን አመጋገብ ጀምሯል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ግን የሻይ ላይ ጨዋታው ሳይሆን ያለብን ዕዳ ነው። ባለፈው ዕረፍት ከመካከላችን አንዱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስኳር በሽታ ላለባቸው እናቱ የእኛኑ ወሬ ይዞ ሄደ። «እማዬ፣ እንጀራውን ተዪው፤ ስኳርሽ ይወርዳል» አላቸው። እናቱም ልጄ ተምሮ መጥቷል ብለው ሰሙት። እንጀራውን ተዉ፤ በምትኩ ግን ከሰላጣና ከሻይ በቀር ምንም አልጨመሩም። የሚውጡትንም ኪኒን እንደ ወትሮው ቀጠሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ጎረቤት ሮጣ ገብታ ስኳር የበዛበት ሻይ ስላጠጣቻቸው ተረፉ።

ምክራችን ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። «ምን ልተው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተን፣ «በምትኩ ምን ያህል ምን ልብላ? መድኃኒቴንስ ምን ላድርገው?» ለሚለው ሳንመልስ ቀረን። እነሆ የቀረውን ግማሽ እንጽፋለን።

እንጀራ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ምግብን ኀይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ከፍለን በቃላችን እንደግም ነበር። እንጀራ ኀይል ሰጪ፣ ሥጋና ባቄላ ገንቢ ይባሉ ነበር። ይህ ክፍፍል ለፈተና ጠቅሞናል፤ አንድ ትልቅ ነገር ግን ሰውሮብናል። እንጀራም ገንቢ ነው። ከ100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ 13 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። 300 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ 100 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና ወደ 12 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል። እንግዲህ በቀን ሦስት እንጀራ ይበላ የነበረ ሰው ከእንጀራው ብቻ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኝ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሽሮውና ምስሩ የሚበላው በእንጀራ ነው። መጠቅለያው ሲቀር ወጡም አብሮ ይቀንሳል።

ካርቦሃይድሬትን የመቀነስ ምክር ወደ እኛ የመጣው ሥጋ በገበታው ላይ አስቀድሞ ከሞላለት አገር ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር ሥራ አስፈጻሚ እንዴት እንደ ከሳ የሚናገር ታዋቂ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ዳቦን፣ ስኳርንና ድንችን ቢቀንስም ቍርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም ሥጋ ወይም ዓሣ ነበረበት። እርሱ ዳቦውን ሲያነሣ ሥጋው በሳሕኑ ላይ ቀረለት። እኛ እንጀራውን ስናነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ባዶ ትሪ ነው። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሰውነት ባዶውን ትሪ ሲያይ ምን ያደርጋል?

አንጐላችን በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም የሚደርስ ግሉኮስ ይፈጃል። ሰውነታችን ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ያከማቻል፤ ይህ ጎተራ ግን ከግማሽ ኪሎ ብዙ አያልፍም። ለደም ስኳር የሚያካፍለው የጉበቱ ድርሻ ደግሞ ምንም ካልተበላ አንድ ቀን ያህል ቢቈይ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣልና ጎተራው ሲራቈት ውሃውም አብሮ ይወጣል። ጓደኞቻችን በመጀመሪያው ሳምንት «ሦስት ኪሎ ቀነስሁ» ብለው የሚደሰቱበት ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው።

ጎተራው ሲራቈት ጉበት ግሉኮስን ራሱ መሥራት ይጀምራል። ለዚህ ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ከምግብ ከመጣ መልካም ነው፤ ካልመጣ ከጡንቻ ይወስዳል። ስብ ትርፍ ማከማቻ አለው፤ ፕሮቲን ግን እንደዚያ ያለ ጎተራ የለውም። በሰውነታችን ያለው ፕሮቲን ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ጡንቻ ነው፣ ደም ነው፣ ቆዳ ነው፣ በሽታን የሚከላከል ሠራዊት ነው። ሳይተካ ማንደዱ ማገዶ ያለቀበት ሰው የቤቱን ምሰሶ እየፈለጠ ወጥ እንደ መሥራት ነው። ወጡ ይበስላል፤ ቤቱ ግን ይዘማል።

ተፈጥሮ ለዚህም መላ አበጅታለች። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኬሂል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳምንታት ምግብ የተዉ ሰዎችን ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ፣ አንጐል ቀስ በቀስ ከስብ የሚሠራውን ኬቶን መጠቀም እንደሚለምድ አሳየ። አንጐል ይህን ሲለምድ ከጡንቻ የሚወሰደው ፕሮቲን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ልምዱ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ፕሮቲን ይበልጥ የሚያስፈልገው በጅምሩ ነው። የእኛ ሰዎች ግን በጅምሩ ሰላጣና ሻይ ብቻ ይይዛሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሁለት ወር የጠፋው ቦርጭ በሦስተኛው ወር ይመለሳል፤ የጠፋው ጡንቻ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

እንግዲህ ስንት?

የዓለም ጤና ድርጅትና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ ለጤናማ ዐዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል ብለዋል። ይህ ግን ኀይሉን ከሌላ ምግብ በበቂ ለሚያገኝ ሰው የተባለ ነው። ምግቡንና ካርቦሃይድሬቱን ቀንሶ ለሚከሳ ሰው፣ ጡንቻው እንዳይሄድበት በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ቢያገኝ ይሻለዋል። ኳስ የሚጫወት ወይም ክብደት የሚያነሣ እስከ 1.6 ቢደርስ ተገቢ ነው። ለጤናማ ሰው ከ2 ግራም በላይ ማለፍ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ወጪው ግን ብዙ ነው።

የሚቈጠረው ኪሎ የትኛው ነው? ብዙ ስብ የተሸከመ ሰው በሚዛን ላይ ባየው ኪሎ ቢያሰላ ቍጥሩ ያለ ልክ ይበዛበታል። ቀላሉ ዘዴ የቁመትን ሳንቲሜትር ወስዶ 100 መቀነስ ነው። ቁመቱ 165 የሆነ ሰው 65 ኪሎ ብሎ ያስላ። 65 ኪሎ በ0.83 ሲባዛ 54 ግራም ይሆናል፤ ይህ የታችኛው ወለሉ ነው። በ1.2 ሲባዛ 78፣ በ1.5 ሲባዛ 98 ግራም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው በቀን 80 ግራም አካባቢ ቢያነጣጥር አይሳሳትም። ሁሉንም በአንድ ማዕድ ከማጋበስ ይልቅ በየገበታው 25 ግራም ያህል አድርጎ በሦስት ቢከፍለው ይመረጣል።

ቍጥሩን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር አይሳት። 80 ግራም ፕሮቲን ማለት 80 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም። ከ100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ የሚገኘው ፕሮቲን 27 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃና ስብ ነው።

ቢበዛስ?

ከመካከላችን «ፕሮቲን ከሆነ ይብዛ!» የሚሉ አሉ። ስቡን አስቈርጠው ቀይ ሥጋ ብቻ ይበላሉ። ለእነዚህ ወንድሞች የምንነግራቸው ታሪክ አለን። በ1928 እ.ኤ.አ. ቪልያልሙር ስቴፋንሰን የተባለ የሰሜን ዋልታ ተጓዥ ከአንድ ባልደረባው ጋር ኒውዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል ሥጋ ብቻ ለአንድ ዓመት ለመብላት ተስማማ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ስብ የሌለውን ሥጋ ብቻ ሰጡት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተቅማጥና ድካም ያዘው፤ ስቡ ሲጨመርለት ግን ዳነ። በዚያ ዓመት ኀይሉን በብዛት ያገኘው ከስብ ነበር፤ የፕሮቲኑ ድርሻ ከሩቡ አላለፈም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉበት ከፕሮቲን የሚወጣውን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ ይለውጣል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወጣዋል፤ ይህ ሥራ ወሰን አለው። ስለዚህ ካርቦሃይድሬትን የቀነሰ ሰው የጐደለውን ኀይል መሙላት ያለበት በስብ ነው፤ በዘይት፣ በቅቤ፣ በኦቾሎኒና በመሳሰለው። ፕሮቲን ምሰሶ ነው፤ ማገዶው ስብ ይሁን። እንጀራንም ስብንም አንድነት የፈራ ሰው የሚበላው ነገር አይኖረውም።

ወደ ቀፊራ ስንወርድ

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሲደርስ የተቈረቈረች የመንገድ ከተማ ናት። ሩዝና ፓስታ በየምሳ ቤቱ እንደ እንጀራ ይታዘዛሉ። አንድ ሳሕን ሩዝ፣ 300 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ከ80 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬትና 8 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው። ነገር ግን ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው ድሬዳዋ ድኻ ከተማ አይደለችም። በየገበያችን የምናገኘውን በግምት እንዘርዝር፦

አንድ እንቁላል፦ 6 ግራም ፕሮቲን፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል 5 እንበል። ካርቦሃይድሬቱ ከቍጥር አይገባም።

100 ግራም የበሰለ የፍየል ሥጋ፣ አጥንቱ ሳይቈጠር፦ 27 ግራም ፕሮቲን፤ ካርቦሃይድሬት የለውም።

አንድ ብርጭቆ፣ ማለት ሩብ ሊትር፣ የላም ወተት፦ 8 ግራም ፕሮቲን፣ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት። የሶማሌ እናቶች የሚያመጡት የግመል ወተትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን ይፈላ።

100 ግራም የበሰለ ምስር፦ 9 ግራም ፕሮቲን፣ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፤ ከዚህ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ ወደ ስኳርነት የማይለወጥ አሰር ነው።

አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም ያህል፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ፦ 7 ግራም ፕሮቲን፣ 5 ግራም ካርቦሃይድሬት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኀይሉ ከስብ የሚመጣ ነው።

አሁን የ65 ኪሎውን ሰው አንድ ቀን እንመግበው። ጧት የ3 እንቁላል ፍርፍር በዘይትና በሽንኩርት፣ 18 ግራም። ቀትር ላይ የፍየል ጥብስ ከነአጥንቱ ከሩብ ኪሎ የተሠራ፣ ከበሰለ በኋላ 120 ግራም ያህል ይወጣዋል፣ 32 ግራም፤ ጎመንና ሩብ እንጀራ ታክሎ 3 ግራም። ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 7 ግራም። ማታ አንድ ጭልፋ ምስር 9፣ ሩብ እንጀራ 3፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8። ድምሩ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። ካርቦሃይድሬቱ ሽንኩርቱና ጎመኑ ተቈጥሮ 100 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ቀድሞ ከሦስቱ እንጀራ ብቻ ይገኝ የነበረው ሲሦ ነው። እነሆ እንጀራም ፈጽሞ አልተባረረም።

ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለተማሪ ኪስ እንደማይሆን እኛም እናውቃለን። በዚያን ጊዜ የሥጋውን ቦታ 4 እንቁላልና አንድ ተጨማሪ እፍኝ ኦቾሎኒ ይያዝ፤ ሒሳቡ ብዙ አይዛባም።

በጾም ጊዜ

ብዙዎቻችን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እንጾማለን። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በሌሉበት ምን ይሆናል? 300 ግራም የበሰለ ምስር 27፣ በ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 8፣ ሁለት እፍኝ ኦቾሎኒ 15፣ ግማሽ እንጀራ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ድምሩ 56 ነው። ወለሉን 54 አልፈናል። ካርቦሃይድሬቱ ግን 145 ግራም ያህል ደረሰ። ጥራጥሬ ፕሮቲኑን የሚሰጠው ከካርቦሃይድሬት ጋር አዛምዶ ነውና ከዚህ ማምለጫ የለም። ስለዚህ ለጾመኛ የምንመክረው የጠበቀ ቅነሳ አይደለም። ስኳሩን፣ ለስላሳውንና ነጩን ዳቦ ይተው፤ ምስሩንና ሽሮውን ግን አይንካ። ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህ አለው። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ያጋቡት ሳይንሱን ሳይጠይቁ ነው፤ ጋብቻው ግን ትክክል ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. የወጣው አገራዊ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን በየዕለቱ እንድንመገብ ይመክራል።

ረመዳንን የሚጾሙ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ገበታቸው ሁለት ስለሆነ ፕሮቲኑን ለሁለት ይክፈሉት። በአፍጥር ሳምቡሳውና ጣፋጩ ሆድን ቀድሞ ይሞላል፤ ከተምሩና ከውሃው ቀጥሎ ሥጋ ያለበት ሾርባ ይቅደም። ሱሁርን በሻይና በዳቦ ብቻ ማለፍ ቀኑን ያከብደዋል፤ እንቁላል ወይም ፉል ይጨመርበት።

ስለ በርጫ አንድ ቃል

በከተማችን ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እራቱን ሳይበላ ያድራል፤ በመካከሉ የጠጣው ለስላሳ ግን 300 ሚሊ ሊትር በሚይዘው በአንዱ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ያህል ስኳር አስገብቶለታል። እንጀራ ተውሁ የሚለው ወንድማችን እንዲህ ሲያደርግ የተወው ፕሮቲኑን ነው፤ ካርቦሃይድሬቱማ በጠርሙስ ተመልሶለታል። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ አብዝቶ ያስወጣል፤ ራስ ምታቱና ማዞሩ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። ስለዚህ የደም ግፊት የሌለበት ሰው ውሃውንም በወጡ ውስጥ ያለውንም ጨው አይሰስት።

ማን ይጠንቀቅ?

ወደ ጓደኛችን እናት እንመለስ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ የታዘዘለት በሚበላው ልክ ነው። እንጀራው ተቀንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ የደሙ ስኳር ያለ ልክ ይወርዳል፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና የአንደበት መተሳሰሩ ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱን ማስተካከል፣ ከዚያም ገበታውን መለወጥ ነው። ተራው ሊገለበጥ አይገባም። እናቱም በኋላ ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው የመድኃኒቱ መጠን ተቀንሶላቸዋል፤ ዛሬ በየገበታው ሩብ እንጀራ ከእንቁላልና ከምስር ጋር ይበላሉ።

ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ ይልቁንም ስኳር በሽታ ያለበት፣ የእኛን 1.2 አይከተል። እጥበት ላልጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ የሚመከረው 0.8 ግራም አካባቢ ነው፤ እጥበት የጀመረ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱንም የሚወስነው ሐኪም ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ይህን አመጋገብ በገዛ ፈቃዳቸው አይጀምሩ።

በመጨረሻም ለራሳችን። ከመካከላችን ብዙዎች ቀበቷችንን የምናጠብቀው ሱሪው እንዳይወርድ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ካርቦሃይድሬት መቀነስ ፋይዳ የለውም፤ እንጀራውን ሳይነካ 54ቱን ግራም መሙላቱን ብቻ ይመልከት። ሌላው ደግሞ ለእናቱ ወይም ለአጎቱ «እንጀራ ይተዉ» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ኩላሊታቸው እንዴት ነው? በምትኩ ምን ይበላሉ? ሦስቱንም መመለስ ካልቻለ ምክሩን በኪሱ ይዞ ይቈይ። እኛ ይህን የተማርነው በሰው እናት ላይ ነው፤ እናንተ በወረቀት ላይ ብትማሩት ይሻላል።